በቬርሳይ ቤተ መንግሥት፤ ስለ ንጉሡ ጠረጴዛና ስለ ንግሥቲቱ ወንበሮች

ከፓሪስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የቬርሳይን ቤተ መንግሥት ለማየት የሚሄድ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚቸኵለው ወደ መስተዋቱ አዳራሽ ነው። እኛም እንደ ሌላው ሰው አየነው፤ ግርማውንም አደነቅን። ነገር ግን በአዳራሽ የሚኖር ሰው የለም፤ የቤትን ኑሮ የሚያስታውቁት ወንበሩና ጠረጴዛው ናቸውና፥ ብዙ ጊዜ የቈየነው በትንንሾቹ ክፍሎች ነበረ። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ወደ ንጉሡ የውስጥ ክፍሎች የሚገባው ከአስጐብኚ ጋራ ነው። ከነዚህ ባንደኛው፥ ሉዊ 15ኛ ብቻውን ይሠራበት በነበረው ክፍል፥ አንድ ትልቅ የጽሕፈት ጠረጴዛ ቆሟል። ሥራውን በ1760 ዓ.ም. የጀመረው ዣን ፍራንሷ ኤበን የሚባል ባለሙያ ነበረ፤ ዳሩ ግን ሳይጨርሰው በ1763 ዓ.ም. ሞተ። ባልቴቲቱ ሥራ ቤቱን አልዘጋችም፤ ከሠራተኞቹ አንዱ የሆነው ዣን አንሪ ሪዝነር ሥራውን ቀጠለ፥ በ1767 ዓ.ም. ደግሞ አገባት። ጠረጴዛው አልቆ ለንጉሡ የቀረበው በ1769 ዓ.ም. ነው። ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ስስ እንጨት እየተከተፈ እንደ ሥዕል በተለጠፈበት ገጹ ላይ የሪዝነር ስም ይነበባል፤ የጀማሪው ስም ግን አልተጻፈም። ይህ ነገር ጥቂት አሳዘነን።

መክፈቻው ሩብ ዙር ብቻ ሲዞር፥ ተጠቅልሎ የሚገባው ክዳንና መሳቢያዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይፈታሉ። መክፈቻውን የሚይዘው ንጉሡ ብቻ ስለ ነበረ፥ አሽከሩ ጠረጴዛውን ሳይከፍት ቀለም ይሞላ ዘንድ በጐን በኩል ለብቻው መሳቢያ ተበጅቶለታል። ከላይ ያለው ሰዓትም በፊትም በኋላም ይታያል።

ይሁን እንጂ እግሮቹን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፥ ይህ ጠረጴዛ ገና የቀድሞው ዘመን ሥራ ነው። እግሮቹ ጐበጥ ብለው ይወርዳሉ እንጂ ቀጥ ብለው አይቆሙም። በሉዊ 15ኛ ዘመን የሚወደደው መስመር የሚጠማዘዘው መስመር ነበረና፥ ወንበሩም ሣጥኑም የመስተዋቱም ክፈፍ እንደ ቅጠልና እንደ ባሕር ዛጐል ይጠቀለል ነበር።

ይህን ያስለወጠው ከሩቅ የመጣ ነገር ነው። በ79 ዓ.ም. የቬዙቭ እሳተ ገሞራ የቀበራቸው ሁለቱ የኢጣሊያ ከተሞች፥ ሄርኩላኔም ከ1738 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ፖምፔይ ደግሞ ከ1748 ዓ.ም. ጀምሮ ይቈፈሩ ጀመር። የጥንት ሮማውያን የቤት ዕቃና የግድግዳ ሥዕል ከዐመዱ ሥር ወጣ። ከ1749 እስከ 1751 ዓ.ም. ኢጣሊያን ዞረው ካዩት ፈረንሳዮች አንዱ ኮሼን የሚባል ሠዓሊ ነበረ፤ እርሱም በ1754 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ያገሩ ባለ እጆች ቀጥ ሊል የሚገባውን ሁሉ ማጣመማቸውን ይተዉ ዘንድ በፌዝ ለመናቸው። አንጥረኛውና አናጢው ወዲያው ባይሰሙትም፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፓሪስ ሁሉ በግሪክ አሠራር ተያዘች። ኋላ ኒዮክላሲክ የተባለው ይህ ነው፤ የወንበር እግር እንደ ዓምድ ቦይ እየወጣለት ወደ ታች የሚቀጥን፥ የወንበር መደገፊያ እንደ እንቍላል የሞላለለ ወይም አራት ማዕዘን፥ ጌጡም የሎረል አክሊልና የአበባ ጕንጕን የሆነ።

ሪዝነር ይህን አዲስ መስመር ከሁሉ አስበልጦ ያዘው። ሉዊ 16ኛ በ1774 ዓ.ም. ሲነግሥ የንጉሡ ዕቃ ሠሪ ሆኖ ተሾመ፤ በዐሥር ዓመት ውስጥም ለመንግሥት ያቀረበው ዕቃ ዋጋ ከ900 ሺህ ሊቭር በላይ ሆነ። በ1786 ዓ.ም. ቬስቲዬ የሚባል ሠዓሊ የሣለው መልኩ፥ በክብር ልብስ በራሱ እጅ ሥራ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ያሳየዋል። ለሚያየው ሰው መኰንን ይመስላል እንጂ አናጢ አይመስልም። ነገር ግን ያን ጊዜ መንግሥት ወጪውን ሊቀንስ ፈልጎ፥ በረከሰ ዋጋ ወደሚሠራ ሌላ ባለሙያ ዞሮ ነበር፤ ከደንበኞቹ የጸናችለት ንግሥት ማሪ አንቷኔት ናት።

የንግሥቲቱን መኖሪያ ለማየት በአትክልቱ ስፍራ ውስጥ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራችን ሄድን። ትንሹ ትሪያኖን የሚባለው ይህ ቤት በ1768 ዓ.ም. ያለቀ፥ ጋብሪኤል የሚባል መሐንዲስ የሠራው፥ እንደ ዕቃዎቹ ቀጥ ያለና አራት ማዕዘን የሆነ ነው። በመኝታ ቤቷ ያሉትን ወንበሮች በ1787 ዓ.ም. የሠራላት ዦርዥ ዣኮብ ነው። በወርቅ አልተለበጡም፤ በእንጨቱ ላይ የስንዴ ዛላ፥ አበባና የጥድ ፍሬ ተቀርጾ በተፈጥሮ ቀለሙ ተቀብቷል። በዚያ ቤተ መንግሥት ካየነው ሁሉ ልባችንን የወሰዱት እነዚህ ናቸው።

ስንዴው ግን አላስቀመጠንም። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በጥቅምት ወር 5 ቀን 1789 ዓ.ም.፥ የፓሪስ ሴቶች ዳቦ አጣን ብለው በዝናብ ወደ ቬርሳይ ገሠገሡ። ወሬው ሲደርስ ንግሥቲቱ በዚሁ በትሪያኖን ነበረች ይባላል። በማግሥቱ ቬርሳይን ለቀቀች፤ ከዚያም ወዲያ አልተመለሰችም።

ዕቃውስ ምን ሆነ? ከነሐሴ 1793 እስከ ነሐሴ 1794 ዓ.ም. ድረስ በሐራጅ ተሸጠ፤ የተቈጠረው ከ17 ሺህ መደብ በላይ ነበረ። ሪዝነርም ከገዢዎቹ ጋራ ቀርቦ የገዛ ራሱን ሥራ አንዳንዱን መልሶ ገዛ። በወርቅ ያጌጠ ዕቃ የሚፈልጉት መኳንንት ግን ወይ ተሰደዋል ወይ ሞተዋል፤ ሞዱም ተለውጧል፤ መልሶ የሚሸጥለት ሰው አላገኘም። በ1806 ዓ.ም. በፓሪስ ሲሞት ሀብቱ አልቆ ነበር። ዣኮብን ሠዓሊው ዳቪድ ጠበቀው፤ የጥንቶቹን መስሎ የተሠራ ወንበር ከአብዮቱ በፊት ሠርቶለት ነበርና፤ ልጆቹም ኋላ ለናፖሌዎን ዕቃ ሠሩ። (የኤበን ልጅ ቪክቷር፥ ሪዝነር በእንጀራ አባትነት ያሳደጋት፥ የታላቁ ሠዓሊ የደላክሯ እናት መሆኗን ብዙ ሰው አያውቅም።)

ትልቁ ጠረጴዛ አልተሸጠም። የንግሥና ምልክቶቹ ተነሥተውለት ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወር ኖረ፤ በመጨረሻም ከሉቭር ሙዚየም ወጥቶ በ1957 ዓ.ም. ቬርሳይ ገባ። ዛሬ የቆመው በዚያው በቀድሞ ክፍሉ ነው።