ቀሰቀስኩት፤ አልነቃም

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አማርኛ የማስተምራቸው ሁለቱ ተማሪዎቼ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ አንዷ አሜሪካዊት፣ አንዱ ቻይናዊ። ጠዋት ምን እንደሠሩ እንዲነግሩኝ ፈልጌ፣ መንገድ ለማሳየት «ልጄን ቀሰቀስኩት፤ አልነቃም» ብዬ ጀመርኩ። አሜሪካዊቷ አላስጨረሰችኝም። «መምህር፣ ካልነቃማ አልቀሰቀሱትም!» በእሷ ቋንቋ ቀሰቀስኩ ያለ ሰው መንቃቱንም አብሮ ተናግሯል። ቻይናዊው ግን ምኑ እንዳስገረማት አልገባውም።

የእሱ ቋንቋ ማንዳሪን በዚህ ከእኛም ይብሳል። «ትናንት ሥዕል ሣልኩ፤ ግን አልጨረስኩትም» ማለት ምንም አይጎረብጥም። ውጤቱ መድረሱን ማረጋገጥ የፈለገ ሌላ ግስ ይደርባል፦ «ሻ» መግደል ነው፣ «ሻ ሲ» ሲባል ግን ሰውዬው ለመሞቱ ጥርጥር የለም፤ «ሲ» ማለት መሞት ነውና። ጄምስ ታይ የተባለ የቋንቋ ምሁር በ1984 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለማሳየት፣ ሁለት ጊዜ ተገድሎ ስላልሞተ ሰው የሚናገር ዓረፍተ ነገር አቀረበ። ዓረፍተ ነገሩ ያስኬዳል አያስኬድም በሚለው ሁሉም አይስማማም። ተማሪዬን ጠየቅኩት። ሥዕሉን ተቀበለ፤ ግድያው ላይ ሲደርስ አንገቱን ነቀነቀ።

እኛ መካከል ላይ ነን። «ገደልኩት፤ አልሞተም» አንልም። «ቀሰቀስኩት፤ አልነቃም» ግን እንላለን። እንዲያውም ውጤት ላጣ ልፋት ራሱን የቻለ መልክ አለን፦ «ብቀሰቅሰው ብቀሰቅሰው አልነሣ አለ»። ግሱ ሲደገም ልፋቱ አብሮ ይደገማል፤ «አልነሣ አለ» ደግሞ ጥፋቱን ከቀስቃሹ አንስቶ ተኚው ላይ ይጥላል። ለተኛ ሰው ብቻ አይደለም፤ እንጨቱም አልነድ ይላል፣ ክዳኑም አልከፈት ይላል፣ መኪናውም ጠዋት ጠዋት አልነሣ ይላል። ግዑዝ ነገር ሁሉ እምቢ ባይ ነው። የማስተምርበት መጽሐፍ ይህን በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ እኔ ብሆን ምዕራፍ እሰጠው ነበር።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ከተማሪዎቼ ጋር ቡና ልንጠጣ ገባን። አስተናጋጁ «መጣሁ!» አለና ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ጓዳ ሄደ። ትምህርቱን ለዛሬ እሱ ጨረሰልኝ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው። ከጢሱ ሸሽቼ ገባሁና መስኮቱን ዘግቼ፣ ዜኖ ቬንድለር በ1957 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ስለ ግስና ጊዜ የሚያትት ጽሑፍ ማንበብ ያዝኩ። ግሶችን በአራት ይመድባል። ማወቅ ሁኔታ ነው፤ መሮጥ የራሱ መጨረሻ የሌለው ድርጊት ነው፤ ክብ መሣል መድረሻ አለው፤ ተራራ ጫፍ ላይ መድረስ ደግሞ በቅጽበት ያልቃል። መለያው ቀላል ነው፦ ሯጩን መሃል መንገድ ላይ ብታስቆሙት ሮጧል፤ ክብ የሚስለውን መሃል ላይ ብታስቆሙት ግን ክብ አልሣለም። አርስቶትልም ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ማየትንና ቤት መሥራትን በዚሁ ዓይን ለያይቷቸዋል፤ የሚያይ ሰው አይቷል፣ ቤት በመሥራት ላይ ያለ ግን ገና አልሠራም።

ምደባው ግን በእንግሊዝኛ ግሶች የተለካ ነው። በእንግሊዝኛ መቀመጥ የሚቆይ ነገር ነው። በእኛ «እየተቀመጠ ነው» ከተባለ ሰውዬው ገና ወንበሩን እየሳበ ነው፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው «ተቀምጧል»። «እየለበሰ ነው» ገና ቁልፉን እየቆለፈ፤ «ለብሷል» ካፖርቱ ላዩ ላይ። ተኝቷል፣ ቆሟል፣ ደክሞታል፤ ሁሉም ያለፈውን ጊዜ መልክ ይዘው ስለ አሁን ይናገራሉ። ግሱ የሚጠራው መግቢያውን ነው። ስለዚህ የእኛ «ተቀመጠ» ከጫፍ መድረስ ጎን ይመደባል።

የሚገርመው፣ ጃፓናዊው ኪንዳይቺ ሃሩሂኮ ከቬንድለር ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1950 እ.ኤ.አ.፣ የራሱን ቋንቋ ግሶች እንዲሁ በአራት ከፍሏቸው ነበር። መነሻው «-ቴ ኢሩ» የሚባለው የጃፓንኛ መልክ ነው። ከመሮጥ ጋር ሲሄድ «እየሮጠ ነው» ይሆናል፤ ከመሞት ጋር ሲሄድ ግን «ሞቷል» እንጂ «እየሞተ ነው» አይሆንም። ለአማርኛ የሚቀርበው የእሱ መነሻ ይመስለኛል። ሆኖም በየትምህርት ክፍሉ ስሙ የሚነሣው ቬንድለር ነው።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ጎረቤቴ መርካቶ ውላ ገባች። ምነው ባዶ እጅሽን ስላት «ሄጄ፣ ዞሬ፣ ጠይቄ፣ ተከራክሬ፣ አጥቼ መጣኋ!» አለችኝ። አምስት ቦዝ አንቀጽ፣ አንድ ማሰሪያ። ሊዮናርድ ታልሚ የተባለው ምሁር ቢሰማት ደስ ይለው ነበር፤ እንግሊዝኛ አካሄዱን በዋናው ግስ ሲናገር፣ እንደ ስፓኝኛ ያሉት ዋናውን ግስ ለመግባትና ለመውጣት እንደሚያቆዩት ያሳየው እሱ ነው። እኛም «ሮጦ ገባ» እንላለን።

ከዚህም የሚዘረዝሩ አሉ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ የሚኖሩት የካላም ሰዎች ቋንቋ፣ አንድሩ ፓውሊ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እንዳጠናው፣ ያሉት የግስ ሥሮች ወደ 130 ገደማ ናቸው። በዚያ ማገዶ ማምጣት ሲነገር ሄደ፣ እንጨት፣ መታ፣ ያዘ፣ መጣ፣ አኖረ ተብሎ ይደረደራል። ባለቤቱንና ጊዜውን የሚሸከመው የመጨረሻው ግስ ብቻ ነው። የእኛ «ሄጄ» ግን «እኔ»ነቱን በየደረጃው ይዞ ይጓዛል።

ተማሪዎቼን ስለ አንድ ማገዶ ያመጣ ልጅ በአማርኛ ጻፉ ብያቸው ነበር። አሜሪካዊቷ «እንጨት አመጣ»፣ ቻይናዊው «ሄዶ እንጨት ለቅሞ ተሸክሞ መጣ» ብለው ጽፈዋል። ሁለቱንም ለጎረቤቴ አነበብኩላት። በመጀመሪያው «ከየት?» አለች። በሁለተኛው «እና የት አስቀመጠው?»