ብረቱና ወረቀቱ

ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ በድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን ጎማ የለሽ ሃይሉክስ ያየ ሁሉ ይጠይቀናል። እጩ መምህራኑ ይስቃሉ፤ አንዳንድ ባልደረቦቻችንም «የመኪና መቃብር ከፈታችሁ እንዴ?» ይሉናል። ለእያንዳንዱ ከምናስረዳ አንድ ጊዜ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ብንጽፈው ይሻላል ብለን ይህን አቀረብን።

እኛ አራት ነን። ሁለታችን መምህራን፣ አንዳችን የቤተ ሙከራ ሠራተኛ፣ አንዳችን ደግሞ የግምጃ ቤት ኃላፊ። በእቁብ ገንዘብ የገዛናት አንዲት አሮጌ ደብል ጋቢና አለችን። እጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ወደ ሎጊያ፣ ወደ ዱብቲ፣ ወደ ሚሌ ሲሠማሩ የምታመላልሳቸው እሷ ናት። ባለፈው ዓመት ታዲያ ካምቢዮዋ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ሦስተኛው ማርሽ አልይዝ አለ፤ ቆይቶ ሁለተኛው ተከተለው። ልምምዱ ሊጀመር የቀረው ሁለት ወር ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ልከን ያገለገለ ካምቢዮ አስጠየቅን። ዋጋውን ስንሰማ ተያይተን ዝም አልን። ነገሩ የነጋዴው ጭካኔ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ካገለገሉ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ታገደ። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያለች አሮጌ መኪና ሁሉ እንድትሞት አይፈቀድላትም ማለት ነው። መለዋወጫው ተፈላጊ ሲሆን ዋጋውም ይሰቀላል። ዳሩ ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ካምቢዮውን ለብቻው ከመግዛት የሞተችውን መኪና ሙሉዋን መግዛት የሚረክስበት ጊዜ አለ። ሱቅ የገባ ዕቃ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ዋጋ ወጥቶለታል። ሜዳ ላይ የተጋደመች መኪና ግን ለባለቤቷ ቦታ የያዘች ብረት ናት።

የአፋርን አገር የሚያውቅ ዳጉን ያውቃል። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቁጭ ይልና ወሬ ይለዋወጣል፤ በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ ሐሰት ያወራ ደግሞ ተጠያቂ ነው። የአንዱ እጩ መምህር አባት ለጉዳይ ሰመራ መጥተው ሳለ አዋሽ ሰባት ኪሎ ስለቆመች ሃይሉክስ ያጫወቱን በዳጉ ነው። ገዋኔ አጠገብ እንደተገለበጠች፣ ከዚያ በፊትም ሞተሯ ግሎ እንደነበር ሁሉ ነገሩን። እኛም አንድ ጥያቄ አቀረብን፦ የአፍዴራን ጨው ጭና ታውቃለች ወይ? የቆላው አየር ደረቅ ስለሆነ ብረት በቶሎ አይዝግም፤ ጨው የነካው ሻንሲ ግን ከውስጥ ይበላል። «አታውቅም» አሉን። እስቲ አሁን የትኛው ደላላ ነው ይህን ያህል እውነት የሚናገር?

አዋሽ ስንደርስ ባለቤቱን አገኘናቸው። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አፋር ሾፌር ናቸው። በአሰብ መንገድ ላይ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ነድተዋል፤ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የአሰብ በር ሲዘጋ ነው ከከባድ መኪና የወረዱት። ሻይ አስመጡልንና «ልጆቼ፣ ሞተሩን ብላችሁ ከሆነ የመጣችሁት አትግዙ። ቴስታታው ተሰንጥቋል። ካምቢዮውን ብላችሁ ከሆነ ደግሞ እዩት» አሉን።

ዘይቱን አየን፤ ማኪያቶ መስሏል። ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ሰውየው አልዋሹም። ካምቢዮውን ለመመርመር የቤተ ሙከራ ጓዳችን ከሁላችንም በልጦ ተገኘ። የኋላውን ጎማ በክሪክ አንስተን ማርሹን እየቀያየርን በእጃችን አዞርነው። ከዚያም ከሥር ቡሎኑን ፈትቶ ዘይቱን በሳህን ቀዳና ከቤተ ሙከራ ይዞት የመጣውን ማግኔት ነከረበት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ማርሾቹን የሚያስማሙት ቀለበቶች ከነሐስ የተሠሩ ስለሆኑ እየተፋጩ ወርቃማ ብናኝ ይጥላሉ፤ ማግኔት ይህን አያነሳውም፤ በልኩ ከሆነም አያስፈራም። የሚያስፈራው በማግኔቱ ላይ የሚለጠፈው የብረት ስባሪ ነው፤ እሱ ከጥርሱ የተነቀለ ነውና። ማግኔቱ ጥቂት ጭቃ ብቻ ይዞ ወጣ። ፊዚክስ ለምን ይጠቅማል የምትሉ እጩዎች ይህን ልብ በሉ!

በዚያው የቀረውን ገመትን። ሙቀት የሚገድለውን ከሒሳብ አስወጣን፦ ባትሪው፣ ጎሚኒው፣ ችንጋው፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ። ዘይት ውስጥ የኖረውንና ወፍራሙን ብረት አስገባን፦ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ባሌስትራ። እግረ መንገዳችንን ለቋንቋ ተማሪዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው ጣሊያን ሄዷል፤ ቋንቋው ግን ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል። ባሌስትራ በአገሩ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያም ስም ነው፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ደግሞ ድስት ማለት ነው። ቀስትና ድስት ተሸክመን ነው የምንሄደው!

ዋጋው ተቆርጦ ሳለ አንድ ደላላ ወደ ጎን ጠራን። «ብረቱ የናንተ ይሁን» አለ፤ «ታርጋውንና ሊብሬውን ለኔ ስጡኝ፤ ለመኪናዋ የከፈላችሁትን እንዳለ እመልስላችኋለሁ።» ነገሩ ወዲያው ገባን። ወረቀት የሌላት ሌላ ሃይሉክስ የሻንሲ ቁጥሯ ተፍቆ በሟቿ ስም ልትነሳ ነው። መኪና ማስገባት በከበደበት ዘመን ወረቀቱ ከብረቱ በለጠ ማለት ነው።

በዚያ ሌሊት አልጋ በያዝንበት ቤት በረንዳ ላይ ተከራከርን። አንዳችን «መኪናዋ ሞታለች፤ የሞተ ሰው መታወቂያ ማንን ይጎዳል?» አለ። ቀልዱን አልነበረም። ሦስት ልጆች ያስተምራል፤ ድርሻውንም የከፈለው ተበድሮ ነው። ሌላው ሕግ ጠቀሰ። ሕግ መጥቀስ ደግሞ ዕዳ ለሌለበት ሰው ቀላል ነው፤ ይኸው ተነገረውና ተኮራርፈን ተኛን።

ሲነጋ ጉዳዩን ለሽማግሌው አወጋናቸው፤ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ነውና ሳይሰሙ መወሰን አይገባም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ።

«በዚህ መንገድ ላይ ግመል ይገጫል፣ ሰው ይገጫል» አሉ። «በኛ መድዓ ካሣ የሚከፍለው አንድ ሰው ብቻውን አይደለም፤ ጎሣው ነው አዋጥቶ የሚከፍለው። እኔ ቤቴ ተኝቼ ሳለሁ ያላየሁት መኪና ሚሌ ላይ ሰው ቢገድል ታርጋው የሚጠራው የኔን ስም ነው። የወንድሞቼ ልጆች ፍየሎቻቸውን ሊያወጡ? መኪናዋን ሸጥኩላችሁ እንጂ ስሜን አልሸጥኩላችሁም።»

ክርክሩ በዚሁ አበቃ። የተበደረው ጓዳችን ግን ዕዳው እዚያው ነው፤ በሽማግሌ ቃል አይከፈልም። ስለዚህ ድርሻውን እስከ ሰኔ ሦስታችን ልንሸከምለት ተስማማን። ፊቱ ወዲያው አልፈታም፤ እኛም አልጠበቅንም።

ከሽማግሌው ጋር ሄደን ታርጋውንና ሊብሬውን መለስን፤ መኪናዋም ከመዝገብ ተሰረዘች። የተረከበን ባለሙያ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየ። ሽማግሌው የመሰረዣውን ማስረጃ ኮፒ ተቀብለው አጣጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱ።

ማጓጓዙ እንደፈራነው አልከበደም። ከአዋሽ ሰመራ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይሁንና አገራችን ወደ ውጭ ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበልጥ ወደ ጅቡቲ ከሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። አንዱ ሾፌር ከአፈር ክምር ጋር አስጠግቶ ቆመልን፤ ገፍተን አስገባናት። የመልሱ ጉዞ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ማዳበሪያና ስንዴ ጭኖ በሚወጣው፣ ማንም አይሸከማትም ነበር።

ካምቢዮው ገጠመ። ልምምዱ በተጀመረ ዕለት ደብል ጋቢናዋ ስምንት እጩዎችን ከነሻንጣቸው ይዛ ዱብቲ ገባች። ባሌስትራው ደግሞ በኋላ ተቀየረ። ዲፈረንሻሉ ለክፉ ቀን ተቀምጧል። የተሰነጠቀው ሞተር ለሁለት ተሰንጥቆ ፒስቶኑ እንዲታይ ሆኖ ለሳይንስ ክፍል ማስተማሪያ ይዘጋጃል፤ ብየዳ የሚችል እጩ ካለ ግምጃ ቤት ይምጣ። የኋላ መብራት የምትፈልጉም ጠይቁን፤ የግራው ደኅና ነው፣ የቀኙ ተሰብሯል።