በጣርማ በር የሚፈተን ዕቃ

ደብረ ሲና ያደገ ሰው የካሚዮንን ጤንነት ከድምፁ ያውቃል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ ፈለፈለው ወደ ጣርማ በር ዋሻ የሚያወጣው ዳገት፣ ጭነት የያዘውን ሁሉ ያስጨንቀዋልና። ጥፋቱም የአቀበቱ ብቻ አይደለም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ጋራ ሲመዛዘን ወደ 30 በመቶ ያህል ይጎድላል። አየር ያጠረው ሞተር ናፍጣውን አቃጥሎ ስለማይጨርስ ጥቁር ጢስ ይተፋል። ይህን ጉድለት የሚሞላው ቱርቦ ነው፤ አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ብልኀት ነው። በከንቱ በሚወጣው ጢስ ኀይል እየተሽከረከረ ንጹሑን አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል፤ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚዞርም አለ። እንዲህ የሚበር ዕቃ ሐሰተኛ ሆኖ ክንፉ ቢሰበር፣ ስብርባሪው ሞተሩን ይዞት ይጠፋል።

አጎቴ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድረው በአንድ አይሱዙ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ቱርቦው ስለ ተበላሸ፣ ያገለገለ ለመግዛት ሶማሌ ተራ አብረን ወረድን።

«ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው፤ ይመልከቱት» አለ ሻጩ።

አጎቴም ተመለከተው። የአሮጌውን ቁጥር በወረቀት ገልብጦ ይዞ ነበር፤ በትንሿ የብረት ሰሌዳ ላይ ካለው ጋራ አንድ ሆነ። እኔ በዚህ ረክቼ ነበር፤ እኛ የአርትስ ተማሪዎች መቼም ከሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የደራሲ ስም እናምናለን። እርሱ ግን ሰሌዳውን የያዙት ምስማሮች አዲስ፣ ገላው ግን ያረጀ መሆኑን አሳየኝ። ከዚያ ዘንጉን ያዘ። ወደ ጎን ጥቂት ቢላወስ ነውር የለውም፣ የዘይት ክፍተት ነውና፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሳብ ግን ለእጅ የሚሰማ እንቅስቃሴ ሊኖረው አይገባም። ይህኛው ቋ፣ ቋ አለ። ክንፎቹም የቤቱን ግድግዳ ፍቀውታል። ፋብሪካ ሚዛን ሲያስተካክል የሚተወውን የሞረድ ምልክት ፈልገን አጣን።

ብዙ ሰው «ኦሪጅናል» ማለት ከመኪናው ጋራ የመጣው ብቻ ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሌላ ፋብሪካ ሠርቶ የገዛ ስሙን ቢያትምበት ያም እውነተኛ ነው፤ ወንጀሉ የሰው ስም መልበስ ነው። ከሌላ ሱቅ ያገኘነው እንዲህ ያለው ነበር፤ ዋጋው ግን ከፊተኛው ይበልጣል። አጎቴ ጥቂት አሰበና፣ ብሩን ከመቁጠሩ በፊት የዕቃው ቁጥር በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍለት ጠየቀ። ሻጩም ሳያንገራግር ጻፈለት።