«ሲስተም የለም» ሲባል ሁልጊዜ ኔትወርክ አይደለም

«ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም። ብዙውን ጊዜ መብራት ወይም ኔትወርክ ነው። አንዳንዴ ግን ሁለቱም አሉ፤ ችግሩ ሁለት ሰርቨሮች ፎቶን እንደ ጽሑፍ መላላካቸው ነው። ሙያዬ ስለሆነ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

የአንዱ መሥሪያ ቤት ሰርቨር የሌላውን «ይህን ሥራልኝ፣ ውጤቱን መልስልኝ» ብሎ ማዘዝ ይችላል። ሪሞት ፕሮሲጀር ኮል ይሉታል፤ አንድሩ ቢረልና ብሩስ ኔልሰን አሠራሩን በዝርዝር የጻፉት በፈረንጆቹ 1984 ነው። ዛሬ በድረ ገጽ ሰርቨሮች መካከል ትእዛዙ በአብዛኛው የሚሄደው በጽሑፍ መልክ፣ በጄሰን ነው። ለስም፣ ለቀን፣ ለብር መጠን ችግር የለበትም። ስካን የተደረገ ሰነድ፣ ራጅ፣ የጣት አሻራ ግን ጽሑፍ አይደለም። ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮች፣ ማለትም ባይቶች፣ ተደርድረው ነው የሚሠሩት።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቢሮ ከቅርንጫፉ የሚላክለት ሰነድ አልከፈት ይለዋል። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ምን ታድርግ፣ «ሰነድዎ ተበላሽቷል፣ ዋናውን ይዘው ይምጡ» ትላለች። አንድ አባት ከገጠር ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። የሁለቱ ሲስተም ሠሪዎች ደግሞ «የእኛ በኩል ይሠራል» እየተባባሉ ነው።

ፋይሉን ከፍቼ ባይቶቹን አየሁ። የጄፔግ ፎቶ ሁልጊዜ የሚጀምረው በ255 እና በ216 ነው። የደረሰው ግን 239፣ 191፣ 189 እያለ ይደጋግማል። እነዚህ ሦስቱ በዩቲኤፍ-8 «ይህ ፊደል አልገባኝም» የሚል ምልክት ናቸው፤ ስክሪን ላይ ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለች የጥያቄ ምልክት ሆና የምታዩዋት ናት። ፎቶው መንገድ ላይ እንደ ጽሑፍ ተነብቦ ያልተነበበው ባይት ሁሉ በዚህ ተተክቷል። ከተተካ በኋላ በፊት ምን እንደነበረ ማወቅ አይቻልም። የእኚያ አባት ወረቀት ግን ምንም አልሆነም ነበር።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ቤዝ64 የሚባለው ዘዴ እያንዳንዱን 3 ባይት ወደ 4 ተራ ምልክት ይቀይራል፤ ተቀባዩ መልሶ ይፈታዋል። በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል-አርፒሲ እንኳ ይህን አካቶ ነበር። ዋጋው መጠኑ በሲሶ መጨመሩ ነው፤ 6 ሜጋባይት የነበረ ራጅ 8 ይሆናል። አዲስ አበባ ፋይበር ላይ ላይሰማ ይችላል፣ ደካማ መስመር ላይ ግን የመላክና ያለመላክ ልዩነት ነው።

ጉግል በ2015 ያወጣው ጂአርፒሲ ባይትን እንደ ባይት ይልካል። እሱም ቢሆን ካልተስተካከለለት ከ4 ሜጋባይት በላይ የሆነ መልእክት አይቀበልም። ስለዚህ ትልቅ ፋይል በትእዛዙ ውስጥ መታጨቅ የለበትም ባይ ነኝ። ፋይሉ ለብቻው በተራ ኤችቲቲፒ ይጫን፤ በትእዛዙ አድራሻውና ከይዘቱ የተሰላው የማረጋገጫ ቁጥር ብቻ ይሂድ።

የሲስተም ጨረታ ሰነድ ስታዘጋጁ የኮምፒውተር ብዛትና የስልጠና ቀን እንደምትጽፉት ሁሉ ይህንንም ጻፉ፦ ተቀባዩ ሰርቨር የደረሰውን ፋይል ከማረጋገጫ ቁጥሩ ጋር ያስተያይ፤ ካልገጠመ እዚያው ለላኪው ይመልስ። ያን ጊዜ ባለጉዳዩ ገና መስኮቱ ጋ ቆሞ ሳለ ወረቀቱ እንደገና ስካን ይደረጋል።