እርሳስ

“አባዬ፣ እርሳስ ልትሠራ ነው?” አለችኝ ልጄ፣ የጋራዡን በር ስከፍት። አራት ዓመቷ ነበር። ለእሷ እርሳስ ማለት የሚጻፍበቱ ብቻ ነው። “አዎ” ብያት በሩን ዘጋሁ።

ነገሩ የጀመረኝ ዴንቨር በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ በጥቁር ባሩድ የምትተኩስ ትንሽ ሽጉጥ አሳዩኝ። ኮልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከ300 ሺህ በላይ ያመረታት የ1849 ሞዴል የኪስ ሽጉጥ፣ ጣሊያን ሠራሽ ቅጂ ናት። አምስት ጎራሽ ነች። አረር የሚለውን ቃል ከፉከራ በቀር የማላውቀው ሰው፣ አረር በእጄ ያዝኩ፤ ክብ፣ ሽምብራ የምታክል፣ 3 ግራም ገደማ። ወደድኳት። ብዙም ሳልቆይ የራሴን ገዛሁ።

ችግሩ አረሩ ነው። ለትልልቆቹ ሽጉጦች የሚሆነው በየሱቁ ሞልቷል፤ ለዚህች ለባለ 0.31 ኢንቿ ግን ዛሬ ቢገኝ ለወር ይጠፋል። ስለዚህ አቅልጦ መቅረጽ ግድ ሆነ። እርሳስ የተባለ ሁሉ ደግሞ አይሆንም። አረሩ ከሚጎረስበት ቀዳዳ በጥቂቱ ሰፋ ይላል፤ ሲጠቀጠቅ ጠርዙ እንደ ቀለበት ተልጦ ይቀራል። ቀዳዳው በደንብ መደፈኑን የሚነግርህ ያ ቀለበት ነው። እርሳሱ ከጠነከረ የትንሿ ሽጉጥ መጠቅጠቂያ ይጎብጣል። የመኪና ጎማ ሚዛን አንቲሞኒ ስላለበት ይጠነክራል፤ ከአዳዲሶቹ ብዙዎቹማ ዚንክ ወይም ብረት ናቸው። በጥፍር ሲጫር ምልክት የሚይዝ ንጹሕ እርሳስ ፍለጋ፣ የሰፈራችን ቁራሌው ትዝ እያለኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የውዳቂ ብረት መሸጫ ዞርኩ። የአሮጌ ጣሪያ ልባጥ ያገኘሁ ቀን ወርቅ ያገኘሁ ያህል ነበር።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ጎረቤቴ አጥብቀው ያስጠነቀቁኝ ውሃን ነበር፤ አንድ ጠብታ ከገባበት የቀለጠው ሁሉ ፊት ላይ ይፈናጠራል። መነጽር፣ ጓንት፣ የተከፈተ መስኮት፣ ሁሉንም አሟላሁ። የመጀመሪያዎቹ አረሮች ቅርጽ ማውጫው ስላልሞቀ ተጨማደው ወጡ፤ መልሼ አቀለጥኳቸው። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ግራጫ አመድ መሳይ ነገር በማንኪያ እየገፈፍኩ ጣልኩ። ወለሉን በመጥረጊያ ጠረግሁ። በዚያው ጫማ ቤት ገባሁ። ልጄን አቀፍኳት።

በዓመታዊ ምርመራዋ ሐኪሟ “ቤት ውስጥ ከእርሳስ ጋር የሚሠራ ሰው አለ?” ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። የደም ውጤቷ 5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ሆኖ መጣ። አሜሪካ ውስጥ የልጅ ክትትል የሚጀመርበት ልክ 3.5 ነው። “ለልጅ አያሰጋም የሚባል መጠን የለም” አለችን። ለካ እኔ ጭሱን ስፈራ፣ ብናኙ በጫማዬና በልብሴ ይገባ ኖሯል።

ባለቤቴ አልጮኸችም። “እኔ እኮ የምፈራው ሽጉጡን ነበር” አለች፣ ሌላ ምንም አልተናገረች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጋራዡን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ ወለወልኩ። ድስቱንና ቅርጽ ማውጫውን ብቻቸውን ለሚኖሩት ጎረቤቴ ሰጠሁ። ከስድስት ወር በኋላ ውጤቷ ወደ 2 ወረደ። አሁን አረር ከተገኘ እገዛለሁ፤ ካልተገኘ ሽጉጧ ትቀመጣለች። ከተኩስ ስመለስ ጫማዬ ከደጅ ያድራል።

ልጄ ዛሬ ተማሪ ናት። የቤት ሥራዋን ስትሠራ እርሳሷን ትነክሳለች። ውስጡ ያለው ግራፋይት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም “ከአፍሽ አውጪው” እላታለሁ።