ስለ ወጥ አሠራር ውድድርና ስለ ዳኞቹ

ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ማዶ ባለው ቤታችን ዓሣ ቀርቦ ሳለ፥ በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ስለሚታየው «ማስተርሼፍ» ስለተባለው የወጥ አሠራር ውድድር ክርክር ተነሣ። በዳኛው በግሬግ ዋላስ ላይ፥ ይልቁንም ስለ ነውረኛ ንግግሩ፥ ከቀረቡት 83 አቤቱታዎች 45ቱ እውነት ሆነው መገኘታቸው በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ተገለጠ። ባልደረባው ጆን ቶሮድም ዘርን የሚነካ ቃል ተናግሯል ተብሎ ውሉ ሳይታደስለት ቀረ። ቢሆንም ሁለቱ አስቀድመው የዳኙት ውድድር በዚያው ወር መጨረሻ መታየት ጀመረ።

እኛ በችሎት ጸሐፊነታችን ዳኛ ቢሻር የባለጉዳዩ ድካም እንዳይጠፋ ስለምንሻ፥ ለተወዳዳሪዎቹ ስንል መታየቱን ደገፍን። ባለቤታችን ግን «የተሰደበችው ሴት ያንን ሰው በቤቷ ሲስቅ ልታየው ይገባልን?» አሉን። መልስ አጣን። ለሚመጣው ውድድር ግሬስ ዴንትና አና ሆግ በዳኝነት መመረጣቸውን ብንነግራቸው፥ «እንግዲያስ እርሱን እናየዋለን» ብለው ሳሕኑን አነሡ።