ባለቤቱን የቀበረ ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። በምዕራብ ስዊዘርላንድ፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት ወገን፣ ከሐይቅ ዳር የተቀመጠች ኑሻቴል የምትባል ከተማ አለች። ሕዝቧ 50 ሺህ አይሞላም፤ አካባቢዋ የታወቀው በሰዓት ሥራ ነው። የኳስ ክለቧን ስም ያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን የአንድ ልጅ ቅጽል ስም ነው። ማክስ አቤግለን የሚሉት ልጅ ስሙ ተገልብጦ «ዛም» ይባል ነበር። ከዛምና ከማክስ «ዛማክስ» ተወለደ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከግራ ቢያነቡት ከቀኝ ያው ነው። ክለቡ የልደት ዘመኔ ብሎ የሚቆጥረው 1912ን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማክስ ያን ጊዜ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበር።

ልጁ አድጎ የአገሩ ታላቅ ተጫዋች ሆነ። በ1924 ፓሪስ ላይ ከስዊዘርላንድ ቡድን ጋር የኦሊምፒክ ብር ሜዳልያ አጠለቀ። ለብሔራዊ ቡድኑ 34 ግብ አገባ፤ ይህን ቁጥር አሌክሳንደር ፍራይ አልፎት የሄደው በ2008 ነው። አብዛኛውን የጨዋታ ዘመኑን ያሳለፈው ግን ዙሪክ፣ ለግራስሆፐርስ ነበር። ለትንሿ ከተማ የቀረላት ስሙ ነው።

እኔ የትንንሽ ክለቦች ታሪክ ይስበኛል። ትልቁን ክለብ መውደድ ምንም አያስከፍልም፤ ዋንጫው በየዓመቱ ይክሳል። ትንሹን የሚወድ ሰው ግን ለምን እንደሚወድ ራሱን ሳይጠይቅ አይቀርም። ዛማክስ ለዚህ ጥያቄ የተፈጠረ ይመስለኛል።

በዚያችው ከተማ ካንቶናል የሚባል፣ በ1916 የስዊዘርላንድ ሻምፒዮና የሆነ አንጋፋ ክለብ ነበር። በ1970 ሁለቱ ተዋሐዱ፤ አዲሱ ክለብ «ኑሻቴል ዛማክስ» ተባለ። ሻምፒዮናው ካንቶናል ከነስሙ ሲጠፋ የልጁ ቅጽል ስም ተረፈ።

ከ1979 እስከ 2003 ክለቡን በፕሬዚዳንትነት የመራው ዢልቤር ፋኪኔቲ የሚባል የከተማው ሥራ ተቋራጭ ነው። አልዛሳዊው አሠልጣኝ ዢልቤር ግሬስ መጣ፤ ከሪያል ማድሪድ ጀርመናዊው ኡሊ ሽቲሊከ መጣ፤ በ1987ና በ1988 ዛማክስ በተከታታይ የአገሩን ሻምፒዮና ወሰደ። በ1987 ባየርን ሙኒክን በሜዳው 2 ለ 1 ረታ፤ በመልሱ ግን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ግብ ገብቶበት ወደቀ። በ1988 ጋላታሳራይን 3 ለ 0 አሸንፎ ኢስታንቡል ሄደና 5 ለ 0 ተመለሰ። ከተመልካቹ ሳንቲም ተወርውሮብናል ብሎ ቢከስም ውጤቱ አልተለወጠም።

ለእኛ ለአፍሪካውያን ጆሮ የሚጥመው ምዕራፍ የ1991ዱ ነው። አሠልጣኙ እንግሊዛዊው ሮይ ሆጅሰን ነበር። ግብፃውያኑ መንትዮች ሆሳምና ኢብራሂም ሐሰን እንዲሁም ሃኒ ራምዚ ማሊያውን ለብሰዋል። በዚያ ዓመት ጥቅምት የስኮትላንዱ ሴልቲክ ኑሻቴል ላይ 5 ለ 1 ተሸነፈ፤ አራቱን ያገባው ሆሳም ሐሰን ነው። ቡድኖቻችንን ሲያስጨንቅ የኖረ ስም ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ማረን ኃይለሥላሴ የሚባል፣ ዙሪክ የተወለደ ወጣት በዚሁ ማሊያ ተሰልፏል። ይህን ስም ሰምቶ ዞር የማይል ሐበሻ ያለ አይመስለኝም።

በ2007 ማላዲየር በተባለው በጥንቱ ሜዳ ቦታ ላይ አዲስ ስታዲየም ተሠራ። 12 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል፤ ከሥሩ የገበያ አዳራሽ አለ። ከላይ ኳስ፣ ከታች ንግድ! ከዚያ የሆነውን ሳስብ ይህ አሠራር ምሳሌ ይመስለኛል። በ2011 ክለቡ ቡላት ቻጋየቭ ለተባለ የቼቼን ተወላጅ ባለሀብት ተሸጠ። አሠልጣኝ በአሠልጣኝ ላይ ተለዋወጠ፤ ደመወዝ ተቋረጠ፤ ዕዳ ተከመረ። በጥር 2012 ሊጉ ፈቃዱን ነጠቀ፤ በቀናት ውስጥም ኩባንያው መክሰሩ ታወጀ። ክለቡ መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር በተዘጋጀበት ዓመት መሆኑ ነው።

ብዙ ሰው ይህን የባዕድ ገንዘብ ጥፋት አድርጎ ያወራዋል። እኔ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም። አንድ ክለብ በአንድ ሰው ኪስ መኖርን የተማረው ደጉ ዘመን ላይ ነው። ልዩነቱ ፋኪኔቲ ሲሳሳት በማግሥቱ መንገድ ላይ የሚያገኘው ደጋፊውን ነበር። የሚያፍርበት ሰፈር ነበረው። ሰፈር የሌለው ገንዘብ ግን የሚያፍርበት ሰው የለውም። ቢሆንም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ለሁለቱም ዘመን ይሠራል፤ ደጉ ጌታ ሲሄድ ጥገኝነቱ ብቻውን ይቀራል።

የሚደንቀው ከሞቱ በኋላ ያለው ነው። የከሰረው ኩባንያ እንጂ ስሙ አልነበረምና፣ ደጋፊዎቹ በዚያው በ2012 ከአምስተኛው እርከን ጀመሩ። በ2013 ሰሪየር ከሚባል የሰፈር ክለብ ጋር ተዋሐዱ፤ በ2015 ሁለተኛው እርከን፣ በ2018 ከፍተኛው ሊግ ደረሱ። በሕግ ዓይን ይህ በ1987 ዋንጫ ያነሣው ድርጅት አይደለም። ስታዲየሙ ውስጥ የሚዘምረው ሽማግሌ ግን ልዩነቱን አያውቀውም፤ ቢነግሩትም የሚሰማ አይመስለኝም።

በ2019 ላለመውረድ ከአራው ክለብ ጋር የመለያ ጨዋታ ገጠማቸው። በሜዳቸው 4 ለ 0 ተሸነፉ። ማን ከዚህ ይመለሳል? በሦስተኛው ቀን ግን አራው ሄደው 4 ለ 0 ረቱ፤ በፍጹም ቅጣት ምትም አሸንፈው ተረፉ። በዓመቱ፣ በ2020፣ ወረዱ።

ሲወርዱ ግን የነጠቃቸው አልነበረም፤ ተሸንፈው ነው። ኳስ ሜዳ ላይ መሸነፍ የሚያኮራ ነገር ባይሆንም፣ ከ2012ቱ ጋር ሳስተያየው ጤና ሆኖ ይታየኛል። ተሸንፎ የወረደ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይጫወታል።